ጨምሮ መቁረጥ

ሁለቱ እህትማማቾች ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ የሚሠሩት ግን አንድ ሱቅ ውስጥ ነው። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ፤ እነሱን ግን አያስቃቸውም። ከእናታቸው የወረሱትን መጋረጃ ቤት መሀል ለመሀል በኮምፔንሳቶ አስከፍለው፣ ታላቅየዋ በወዲያኛው በኩል ትለካለች፣ ትቆርጣለች፤ ታናሽየዋ በወዲህኛው በኩል ትሰፋለች። ኮምፔንሳቶው ላይ ከወገብ ከፍ ብሎ ትሪ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለ። የተቆረጠው በዚያ ይገባል፣ የተሰፋው በዚያ ይወጣል፤ ቃል ግን በዚያ ቀዳዳ አያልፍም። ታላቅየዋ የግድ የምትለው ነገር ሲኖራት የጨርቁ ጠርዝ ላይ በጠመኔ ትጽፋለች። ታናሽየዋ ደግሞ መልስ ካላት የስፌት መኪናዋን ፔዳል አለቅጥ ትረግጠዋለች።

ታላቅየዋን መንደርተኛው «ሜትር» ይላታል። ሜትሩ ከአንገቷ ስለማይወርድ ብቻ አይደለም፤ ሰውን ከእግር እስከ ራሱ በዓይኗ ለክታ ስለምትጨርስ ጭምር ነው። ታናሽየዋ «መርፌ» ናት። ስሙ በሙያዋ የወጣላት እንዳይመስላችሁ፤ በምላሷ ነው።

ጠቡ የመጣው በአንድ ሰው ነው። መርፌን ሊያገባ ያሰበ፣ እርጋታ ያለው፣ ጫማው አቧራ የማያውቅ ሰው ነበር። እናቱ አንድ ቀን መጋረጃ የምታዝዝ መስላ ሱቁ ገባችና የመርፌን ጠባይ ከሜትር ልታጣራ ሞከረች። ሜትር ሴትዮዋን ከላይ እስከ ታች ለካቻትና፣ ልጅዎ ወንድሜ ቢሆን ኖሮ እሷን አግባ አልለውም አለቻት። መርፌ ከጨርቅ ጥቅሎቹ ጀርባ ሆና ቃል በቃል ሰማች። ሰውየው ደብዛው ጠፋ። መርፌም በሳምንቱ አናጢ ጠርታ ኮምፔንሳቶውን አስመታች፤ ከዚያ ወዲህ እህቷን በዓይኗ እንኳ ላለማየት ምላ ተቀመጠች።

እናታቸው ካስተማረቻቸው ሁሉ ሜትር ሙጭጭ ብላ የያዘችው አንድ ነገር ነው። ጨርቅ ሲቆረጥ ከተለካው በላይ ይጨመራል፤ ሲታጠብ ይሰበሰባላ። ረዘመ ቢባል ትርፉ ይታጠፋል፤ ካጠረ ግን ደንበኛ ፊት መዋረድ ነው። ስለዚህ ሜትር በሁሉም ነገር ትጨምራለች፤ በጨርቁም፣ በጨውም፣ በስድቡም። ይህ አመሏ በኋላ ጉድ አፈላ፤ እንደርስበታለን።

መርፌ የእህቷን መታመም ያወቀችው በመቀሱ ድምፅ ነው። ሜትር ስትቆርጥ መቀሷ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚያቋርጠው። አሁን መሀል ላይ ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ ይቀጥላል፣ ደግሞ ይቆማል። አንድ ቀን በቀዳዳው ጎንበስ ብላ ብታይ፣ ሜትር ወንበር ላይ ተቀምጣ ትቆርጣለች። ያቺ ተቀምጦ መቁረጥን እንደ ነውር የምትቆጥር ሴት ተቀምጣለች፤ ክንዷም ላይ የበለዘ ነገር አለ። መርፌ ደነገጠች። መደንገጧ ደግሞ አናደዳትና ፔዳሉን ረገጠችው።

ብዙም ሳይቆይ የሜትር ባል መጣ። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ከሰው ጋር መጣላት ስለማያውቅ የሁለቱን ጠብ እንደ መንገድ ላይ ጉድጓድ ዞሮ እያለፈው ኖሯል። ዛሬ ግን መዞሪያ አጥቶ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ በመርፌ በኩል ገባ። ሚስቱ የደም ካንሰር እንደያዛት፣ መድኃኒቱ ለጊዜው ቢያስታግሰውም ተመልሶ እንደሚመጣ፣ የሚያድናት የሌላ ሰው መቅኔ ብቻ እንደሆነ ነገራት። የሥጋ እህት መቅኔ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል ተብሏል፤ ያለቻት እሷ ብቻ ናት።

«አፍ የላትም?» አለች መርፌ። «ራሷ ትምጣ።»

ሜትር በማግስቱ መጣች። ኮምፔንሳቶው ከተመታ ወዲህ ወደዚህኛው ወገን ስትሻገር የመጀመሪያዋ ነው። ከበሩ አላለፈችም። ፊቷ አመድ መስሏል፣ ድዷ ደም አዝሏል፤ ሜትሩ ግን ከአንገቷ አልወረደም።

«ደምሽን ይመርምሩት» አለች። እባክሽ የለ፣ እህቴ የለ።

«እሺ። ግን በአንድ ነገር ነው» አለች መርፌ። «ለዚያች ሴትዮ የነገርሻት ውሸት ነበር በይኝ።»

ሜትር የስፌት መኪናውን፣ የክር ጥቅሉን፣ የእህቷን እጅ አየች።

«አልዋሸሁም» አለች በመጨረሻ። «አሁን ነፍሴን ላትርፍ ብዬ ልዋሽልሽ?»

«ውጪልኝ።»

ወጣች። መርፌ ያን ቀን አንድም ስፌት ቀጥ አልል አላት። በማግስቱ ጠዋት ግን ሆስፒታል ሄዳ ክንዷን ዘረጋች። በሆዷ፣ አይገጥምም ይሉኛል፣ እገላገላለሁ ትል ነበር። ገጠመ። እንዲያውም አንዲት ነገር ሳይጎድል ነው የገጠመው። ዶክተሯ ውጤቱን ስትነግራት መርፌ ሳቀች፤ እኔና እሷ በምንም ገጥመን አናውቅም ብላ። ከልጅነቷ ጀምሮ «መቅኖ ቢስ» ስትላት የኖረች እህቷ አሁን መቅኔዋን ብላ መምጣቷም አንጀቷን እያሳረረ አሳቃት።

ዶክተሯ ድምፀ ጎርናና፣ ነገር ማለባበስ የማታውቅ አሮጊት ናት። መርፌን አስቀምጣ ስለ ጉዳዩ በቀጥታ አጫወተቻት። መቅኔ ውስጥ ስቴም ሴል የሚባሉ እናት ሴሎች አሉ፤ ደም ሁሉ የሚወለደው ከነሱ ነው። ቆዳም፣ አንጀትም የየራሱ እናት ሴል አለው፤ ያለቀውን ከሥር ሆነው ይተካሉ። ግን ብቻቸውን አይኖሩም። ሰው በማሕፀን ሳለ ጀምሮ ዘበኞቹ፣ ማለት የበሽታ መከላከያ ሴሎቹ፣ በየሄዱበት አሉ። የፈረሰውን ያነሣሉ፣ ለሚሠራው ቦታ ይለቃሉ። ጣትሽን መቀስ ሲቆርጥሽ መጀመሪያ የሚደርሱት እነሱ ናቸው፤ እናት ሴሉን ተነሽ፣ ሥሪ የሚሉት እነሱ ናቸው። ሰው ሲያረጅ ሁለቱም ይበላሻሉ፤ ዘበኞቹ ያለ ምክንያት የሚቆጡ ነጭናጮች ይሆናሉ፣ እናት ሴሎቹ ደግሞ በዚያ ንጭንጭ መሀል ይደክማሉ።

«የእህትሽ ችግር ምንድን ነው፣ ከእናት ሴሎቿ የአንዷ ዘር ከፋ» አለች ዶክተሯ። «የራሷ ዘበኞች ደግሞ የቤት ልጅ ነው ብለው ዝም አሉት። ስለዚህ የሷን ጠርገን ያንቺን እናስገባለን። ካንቺ እናት ሴሎች ጋር ያንቺ ዘበኞችም ይገባሉ። እነሱ የሷን ቤት አያውቁትም።»

«ቢጣሏትስ?»

«ይጣሏታል። ትንሽ እንዲጣሏት እንፈልጋለን፤ የቀረውን ካንሰር የሚለቅመው ጠቡ ነው። ከበዛ ግን እሷኑ ይበሏታል።»

መርፌ ይህ ለእህቷ ተነግሯት እንደሆነ ጠየቀች። ተነግሯታል። ምን አለች ብትል፣ ዶክተሯ መነፅሯን አውልቃ ጠረገች።

«‹ጠብ ከሆነ ታውቅበታለች› ነው ያለችው።»

መርፌ መርፌ ተወጋች፤ እናት ሴሎቹን ከመቅኔ ወደ ደም የሚያወጣ መድኃኒት ነው አሏት። አጥንቷ በውስጥ የሚመታ እስኪመስላት አመማት። ከዚያ ከማሽን ጋር አያያዟት፤ ደሟ ባንድ ክንዷ እየወጣ በሌላው ተመለሰ፣ የተፈለገው ብቻ ከረጢት ውስጥ ቀረ። ሜትር ክፍሏ ውስጥ ሆና ከረጢቱ ሲሰቀል አየችና፣ ለዚህች ነው ይህ ሁሉ ሽር ጉድ አለች። ነርሶቹ ሳቁ። ሹፌሩ አልሳቀም፤ እሱ ሚስቱ ሜትሩን በጣቷ ስትጠቀልልና ስትፈታ አይቷል።

መቅኔው ያዘ። ደሟ አንሰራራ፣ የደሟ ዓይነት ሳይቀር ተለውጦ የመርፌን ሆነ። ይህን ሲነግሯት ሜትር ፊቷን አጨማደደች ይባላል። ሁሉም ደስ ባለው ሰሞን ግን ጠቡ ጀመረ። መጀመሪያ መዳፏ ቀላ። ከዚያ ቆዳዋ እንደ ተቃጠለ ተላጠ፤ ተቅማጡም አልጋ ላይ ጣላት። የመርፌ ዘበኞች የቆዳዋንና የአንጀቷን እናት ሴሎች እየደበደቡ ነው፤ ያለቀውን የሚተካ ስለሌለ ነው የምትላጠው አለች ዶክተሯ።

ሹፌሩ መልእክት ይዞ ሱቅ መጣ፤ የተላከውን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚያደርስ ሰው ነው። «‹ሱቁ አልበቃ ብሏት ሆዴ ውስጥ ገባች በላት› ብላለች።»

«ያለ እኔማ ሆዷም አይኖርም ነበር በላት» አለች መርፌ፣ ከስፌቷ ሳትነሣ። እሱ ሲወጣ ግን እጇን ገልብጣ መዳፏን አየች። መዳፏ ደህና ነው። እኔን የማይነካኝ ደሜ ሰው ቤት ሲገባ ይህን ያደርጋል ማለት ነው ብላ አሰበች።

ለጠቡ ማብረጃ ነጭ ኪኒን ታዘዘ። ኪኒኑ ዘበኞቹን አፍ ያስይዛል። ሜትር ፊቷ እንደ ሊጥ ተነፋ እንጂ ቆዳዋ ተመለሰ፣ ሆዷም ረጋ። ዶክተሯ ቤቷ ስትሸኛት በየሳምንቱ ኪኒኑን እየቀነሰች እንድትውጥ አስጠነቀቀቻት። ለዘለዓለም አፍ እንዲይዙ አንፈልግም፣ ቀስ በቀስ እንዲነቁ ነው የምንፈልገው አለቻት። ሜትርም በጨዋ ደንብ እሺ አለች።

እዚህ ላይ ነው አመሏ የመጣው። ቤቷ ገብታ ኪኒኑን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና እንደ ጨርቅ ለካችው። የታዘዘው ይህን ያህል ነው፤ ግን ነገር ቢሰበሰብስ? ዛሬ ብትቀንስና ያቺ መርፌ ነገ ቆዳዋን መላጥ ብትጀምርስ? ጨምሮ መያዝ ይሻላል፣ ትርፉ ይታጠፋል። ስለዚህ ሳትቀንስ መዋጥ ቀጠለች። ሲያልቅባት ሹፌሩን ዶክተሯ አዛለች ብላ መድኃኒት ቤት ላከችው፤ እሱም የተላከውን ማምጣት እንጂ መጠየቅ አልለመደም። ይህ የሙያ አመል ብቻ ነበር ብል ግን እዋሻለሁ። ሜትር በእያንዳንዱ ኪኒን እህቷን ዝም እያሰኘች ነበር፤ ይህም አስደስቷታል።

መርፌ በበኩሏ ብቻዋን ለክታ እየቆረጠች ስትሰፋ ከረመች። የአንድ ቢሮ መጋረጃ አሳጠረችና መስኮቱ ሥር ሱሪው እንዳጠረበት ሰው ሆኖ ቀረ። ደንበኛው ሲጮህባት፣ ቆራጯ ታማብኛለች አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ስለ እህቷ ያለ ስድብ መናገሯን ያወቀችው ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው።

ከዚያ ሁሉንም ሆስፒታል ጠሯቸው። ሜትር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፣ ሹፌሩ አጠገቧ፣ መርፌ በሩ ላይ እንደ ባዳ ቆማለች። ዶክተሯ አላስቀመጠቻቸውም፣ አላስጨነቀቻቸውም፤ በሽታው ተመልሷል አለች። ከዚያ የሜትርን አገጭ በጣቷ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«ይህ ፊት እስካሁን መጉደል ነበረበት። ኪኒኑን ስንት ነው የሚውጡት?»

ሜትር መሬት መሬት አየች። ሹፌሩ ሚስቱን አየ፤ ምን ሲያመላልስ እንደከረመ ያኔ ገባውና ክው አለ።

«ጨርቅ ሲቆረጥ ይጨመራል» አለች ሜትር። «ትርፉ ይታጠፋል።»

«ሰው ይታጠፋል እንዴ?» አለች ዶክተሯ በንዴት። «እንቅልፍ አጥተን ያስገባናቸውን ዘበኞች እጃቸውን አስረው ለካንሰሩ በሩን ከፈቱለት። ለምን?»

«ዝም እንድትልልኝ ነዋ» አለች ሜትር፣ ወደ በሩ ሳታይ። «ቀን ታሳክከኛለች፣ ሌት ታሳክከኛለች። እዚያም እሷ፣ እዚህም እሷ።»

መርፌ ሄዳ በጥፊ ልታጠናግራት እጇ ዳዳ። ንዴቱ ግን ወዲያው ፍርሃት ሆነባት። ይህች ሴት ልትሞት ነው፤ የምትሞተውም እኔን በመጥላቷ ነው አለች በልቧ።

አሁን የቀረው አንድ መንገድ ነበር። ኪኒኑ ይቆማል። ከዚያ ከመርፌ እንደገና ይወሰዳል፤ አሁን ግን የሚፈለጉት እናት ሴሎቹ አይደሉም፣ እነሱ ገብተው ሥራቸውን ይዘዋል። የሚፈለጉት ዘበኞቹ ብቻ፣ አፋቸው ያልተያዘ፣ ትኩስ። መርፌ ዶክተሯን ኮሪደር ላይ ተከትላ፣ በዚህ ልገድላት እችላለሁ ማለት ነው አለቻት። ዶክተሯ አዎ አለች። ካልሰጠሽ ደግሞ በሽታው ይገድላታል፤ ዋስትና የለኝም፣ ምርጫሽን ንገሪኝ።

መርፌ እሺ አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃ ሆነች። ሹፌሩን ስታገኘው፣ ይቅር ብያታለሁ፣ ሁሉንም ትቼዋለሁ ትለዋለች። ከማሽኑ ጋር አያይዘዋት ሁለቱ ክንዶቿ በቱቦ ተይዘው ስትተኛ እንባዋ በጆሮዋ በኩል ይወርድ ነበር፤ የምትጠርግበት እጅ የላትም። ነርሷ በሶፍት ትጠርግላታለች፣ እሷ ደግሞ ታፈስሳለች።

የነርሷ ስልክ ጮኸ። ከላይኛው ፎቅ ነው። ነርሷ ስልኩን መርፌ ጆሮ ላይ ያዘችላት።

«እያለቀስሽ ነው አሉኝ» አለች ሜትር።

«አላለቀስኩም።»

«ድምፅሽ ያስታውቃል። አቁሚ። እዚህ ለስላሳ ነገር አልፈልግም። የሚያድነኝ ጠብ ነው ተብሏል።»

«ሴሎቹ ቂም አያውቁም ብላኛለች ዶክተሯ፣ እትዬ» አለች መርፌ። እትዬ ካለቻት ዘመን የለውም፤ ሳታስበው አመለጣት።

«ዶክተሯ ደም ታውቃለች እንጂ አንቺን አታውቅም። እትዬም አትበይኝ።» ሜትር ትንፋሽ አጥሯት ትንሽ አረፈች። «ስሚኝ። ለዚያች ሴትዮ የነገርኳት ውሸት ነበር።»

ማሽኑ ያጉረመርማል። መርፌ ጣሪያውን እያየች ቀረች።

«ልጅቷ ወርቅ ናት ልላት አፌን ከፍቼ ነበር» አለች ሜትር። «ከዚያ፣ ካገባችማ ትሄዳለች፣ እኔ ከማን ጋር እውላለሁ አልኩ። እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው። ሱቅ መጥቼ ስትጠይቂኝ ብነግርሽ ይቅር ትይኝ ነበር፤ ይቅርታሽን አልፈለግሁትም። አሁንም አልፈልገውም። ተናደጂ።»

ስልኩ ተዘጋ።

መርፌ መጀመሪያ ምንም አልተሰማትም። ከዚያ ከእግር ጥፍሯ ጀምሮ ሞቃት። ያ ሰውዬ ዛሬ ሚስት አለው፤ ሴት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ በሱቁ ፊት ሲያልፍ አይታዋለች፣ ያን ጊዜ አንገቷን ስፌቷ ውስጥ ቀብራለች። እኔ ጠባዬ ነው ያባረረው እያለች ስንት ዓመት ራሷን ስትበላ ኖረች። ከጓደኞቿ መሀል የሸሸችው፣ አንድ ሌላ ሰው ቡና ልጋብዝሽ ሲላት የሸሸችው፣ በመስታወት ስታይ ክፉ ፊት ነው ያለኝ ያለችው፤ ይህ ሁሉ ለምን? እመቤቲቱ ብቻዋን እንዳትውል። ከዚያ ደግሞ እንዳትሄድባት ያስቀረቻትን ሰው ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ሆና አንድ ቀን እንኳ እንደምን አደርሽ ሳትላት ኖረች። መርፌ በደሏን አንድ በአንድ አነሣች፤ መልአከ ሞት ቢመጣባት እንኳ ሳትጨርስ አትሄድም ነበር። የሴሎቹን ነገር ረስታዋለች። ለእህቷ ስትል እየተናደደች አልነበረም፤ የምሯን ነው የተናደደችው፣ ጥርሷ እስኪንቀጫቀጭ።

ነርሷ የግፊት መለኪያውን አይታ ደነገጠች፤ ተረጋጊ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ አለቻት።

«ተይኝ» አለች መርፌ። «ሥራ ላይ ነኝ።»

ከረጢቱ ወደ ላይኛው ፎቅ ተወሰደ። መርፌ ጃኬቷን ለብሳ፣ ሜትርን ሳታይ፣ ቀጥ ብላ ሱቅ ሄደች። ቁራጭ ጣውላ ፈልጋ የኮምፔንሳቶውን ቀዳዳ በምስማር ጠረቀመችው። ሹፌሩ ሊያነጋግራት ሲመጣ ፊት ነሳችው። ደህና ናት ወይ ብላ ግን በየዕለቱ ለዶክተሯ ትደውላለች፤ ዶክተሯም በየዕለቱ፣ ምንም የለም ትላታለች። ምንም የለም ማለት ሽፍታም የለም፣ ተቅማጥም የለም፣ በሽታውም እንዳለ ነው። ሳምንታት እንዲህ አለፉ። መርፌ ሌት እንቅልፍ አልወስድ ሲላት፣ ዘበኞቼ እንደኔው ፈሪዎች ሆነው ቀሩ፣ አፋቸው ብቻ ነው ብላ ታማቸው ጀመር።

አንድ ጠዋት ሹፌሩ አውቶቡሱን ሱቁ በር ላይ ገትሮ ወረደ፤ ከኋላው መኪኖች ጡሩምባ ያንባርቃሉ፣ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት ይሳደባሉ። ዕድሜ ልኩን ከመስመሩ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው።

«ማሳከክ ጀመራት» አለ።

መርፌ የስፌት መኪናውን እንኳ ሳታጠፋ ወጣች።

ዶክተሯን ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት። በደሟ ውስጥ ያ ክፉ ዘር እየቀነሰ ነው አለች ዶክተሯ፤ ገና ነው፣ ጠቡ ከበዛ ጣልቃ እገባለሁ፣ ደስ አይበልሽ። መርፌ ደስ አላለኝም ብላ አለፈቻት።

ሜትር ትራስ ተደግፋ እጅጌዋን ሰብስባለች። ክንዷ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ ቀልቷል። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ሽፍታውን እየለካች ነበር፤ ትናንት እስከየት እንደነበረ በእስክሪብቶ ቆዳዋ ላይ ምልክት አድርጋለች።

«ይኸውልሽ» አለች ቀና ሳትል። «ትናንት ጣት የማይሞላ ነበር። ዛሬ ስንዝር አልፏል።»

«ሳትጨምሪ ነው የለካሽው?»

«ሳልጨምር ነው።»

መርፌ ጠጋ ብላ ክንዱን አየች። ቀይ ነው፣ ትኩስ ነው፣ የሷ ነው። ይቅር አላለቻትም። ያን የመሰለ ነገር ይቅር ይባላል ብላም አላሰበችም።

«ያማል?»

«ያማል።»

«ይመምሽ» አለቻትና ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።